መሣሪያ ያገኘው፣ ታካሚው ያልተሰማው የልብ ምት መዛባት፦ ሐኪሞች ደረጃ በደረጃ እንዴት ይይዙታል?

የልብ ምት መዛባት ሁልጊዜ ራሱን በልብ ትርታ፣ በትንፋሽ ማጠር ወይም በማዞር አይገልጥም። ለሌላ ምክንያት የተተከለ ፔስሜከር (ልብን በኤሌክትሪክ እየመታ ምቱን የሚጠብቅ መሣሪያ) ወይም ዲፊብሪሌተር (አደገኛ ምትን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያስቆም መሣሪያ)፣ ከደረት ቆዳ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ መቅረጫ፣ ለጥቂት ቀናት የሚታሰር ሆልተር የተባለ የልብ ምት መቅረጫ ወይም በእጅ ላይ የሚውል ስማርት ሰዓት፣ ባለቤቱ ተኝቶ ወይም ሥራውን እየሠራ ሳለ ልቡ ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ከሥርዓት ወጥቶ እንደነበር መዝግቦ የሚገኝበት ጊዜ እየበዛ መጥቷል። ከእነዚህ መዛባቶች ውስጥ ሐኪሞችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስባቸው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው። በዚህ ሁኔታ ሁለቱ የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው ይርገበገባሉ፤ በዚህም ምክንያት ደም በተለይ ከግራው የላይኛ ክፍል ጎን በምትገኘው ትንሽ ከረጢት ውስጥ እየዘገየ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ደግሞ ስትሮክ ያስከትላል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ውጤት ለተነገራቸው ታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው ሲሆን፣ የልብ ሐኪም ከማስጠንቀቂያው ተነሥቶ እስከ ውሳኔው ድረስ የሚሄድበትን ቅደም ተከተል ያሳያል። በመንገዱ ላይ መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ፤ አንዱን ዘልሎ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት መጀመርም ሆነ ማስጠንቀቂያውን ንቆ መተው ሰውን ሊጎዳ ይችላል። ጽሑፉ የራስን ሐኪም አይተካም፤ ከሐኪም ፊት ሲቀርቡ ምን መጠየቅ እንደሚገባ ለማወቅ ግን ይረዳል።

ደረጃ 1፦ ምልክቱ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ

በላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ ሽቦ ያለው ፔስሜከር የዚያን ክፍል ኤሌክትሪክ በቀጥታ ያነባል፤ ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ፣ ለምሳሌ በደቂቃ ከ190 ሲበልጥ፣ ክስተቱን ከነሰዓቱና ከነርዝመቱ ይመዘግባል። ይህ መዝገብ መሣሪያው የቆጠረውን ብቻ የሚናገር በመሆኑ፣ ሐኪሙ ወይም የመሣሪያ ክትትል ባለሙያው ከዝርዝሩ አልፎ የተቀመጠውን የኤሌክትሪክ ቅጂ ራሱን ከፍቶ ማየት አለበት። ታካሚው ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ቅጂውን በዓይኑ ያየው ሰው አለ?

በቅጂው ላይ በአብዛኛው ከላይ የላይኛው ክፍል ምልክት፣ ከሥሩ የታችኛው ክፍል ምልክት፣ አጠገባቸው ደግሞ መሣሪያው ለእያንዳንዱ ምት የሰጠው መለያ ይታያል። በእውነተኛ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የላይኛው መስመር እጅግ ፈጣን፣ ቁመቱም ሆነ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት የሚለዋወጥ ሲሆን፣ የታችኛውን ክፍል ፔስሜከሩ ራሱ የሚመታው ካልሆነ በስተቀር እርሱም አብሮ ይዛነፋል። ነገር ግን በላይኛው መስመር ላይ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ እያለ የሚፈራረቅ ምልክት ከታየና ትንሹ ሁልጊዜ ከታችኛው ክፍል ምት ጋር የሚገጥም ከሆነ፣ መሣሪያው የታችኛውን ክፍል ምት ከሩቅ ሰምቶ የላይኛው አድርጎ ቆጥሮታል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚስተካከለው የመሣሪያው ንቃት እንጂ የታካሚው ደም አይደለም። የተጎዳ ሽቦ የሚፈጥረው ጫጫታ፣ ከውጭ የመጣ የኤሌክትሪክ ጣልቃ ገብነት እና ተደጋጋሚ ቀድሞ የመጣ ምትም ተመሳሳይ ስሕተት ያስከትላሉ።

ይህ ጥንቃቄ የተጋነነ እንዳልሆነ ያሳየው አሰርት የተባለው ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ከ6 ደቂቃ በላይ ቆዩ ተብለው ከተመዘገቡት ፈጣን ክስተቶች ውስጥ 17 በመቶ ያህሉ በባለሙያ ሲታዩ ሐሰተኛ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከ6 ሰዓት በላይ የቆዩት ብቻ ሲወሰዱ ግን ሐሰተኞቹ ወደ 3 በመቶ ገደማ ወርደዋል። አጭር ክስተት ሲሆን ጥርጣሬው ከፍ ሊል ይገባል።

ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው መቅረጫ በልብ ውስጥ ሽቦ ስለሌለው ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን የሚገምተው በዋናነት በታችኛው ክፍል ምቶች መካከል ያለውን ርቀት መዛነፍ አይቶ ነው፤ ስለዚህ የእርሱም ቅጂ በዓይን መታየት አለበት። ስማርት ሰዓት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በብርሃን አማካይነት የደም ሥር ትርታን ይከታተላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ በታተመው የአፕል የልብ ጥናት ከ419,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈው ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.52 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ደረት ላይ የሚለጠፍ መቅረጫ ተልኮላቸው ከመለሱት ውስጥ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተገኘባቸው 34 በመቶ ናቸው። መዛባቱ መጥቶ የሚሄድ በመሆኑ ቀሪዎቹ ሁሉ ሐሰተኛ ነበሩ ማለት አይቻልም። ሆኖም ከሰዓት የመጣ ማስጠንቀቂያ ብቻውን መድኃኒት አያስጀምርም። ሰዓቱ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር የሚያሳይ ምርመራ) የመቅረጽ አቅም ካለው፣ ማስጠንቀቂያው እንደመጣ ተቀምጦ ክንድን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ለ30 ሰከንድ መቅረጽና ቅጂውን በስልክ አስቀምጦ ለሐኪም ማሳየት ከማንኛውም ገለጻ ይበልጥ ይጠቅማል።

ደረጃ 2፦ ምን ያህል ቆየ?

እውነተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀጥለው መለኪያ ከክስተቶቹ ሁሉ ረጅሙ ስንት ሰዓት ቆየ የሚለው ነው። አሰርት ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ የደም ግፊት ያለባቸው፣ ፔስሜከር ወይም ዲፊብሪሌተር የተተከለላቸውና ከዚያ በፊት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያልታወቀባቸው 2,580 ሰዎችን ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ውጤት መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ከአሥሩ በአንዱ ከ6 ደቂቃ በላይ የቆየ ድምፅ አልባ፣ ማለትም ታካሚው ያልተሰማው፣ መዛባት የተገኘ ሲሆን፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ ስትሮክ ወይም ወደ ሌላ አካል የሚሄድ የደም መርጋት የመድረሱ ዕድል 2.5 እጥፍ ያህል ሆኗል። ከዓመታት በኋላ መረጃው በርዝመት ተከፋፍሎ ሲተነተን ግን አደጋው በግልጽ ጎልቶ የታየው ከ24 ሰዓት በላይ ክስተት በነበራቸው ላይ ነው።

በዚህም ምክንያት ሐኪሞች ክስተቶቹን በሦስት ይመድቧቸዋል፦ ከ5 ወይም ከ6 ደቂቃ ያነሱ፣ ከዚያ እስከ 24 ሰዓት የሚደርሱ እና ከ24 ሰዓት በላይ የቆዩ። የመጀመሪያዎቹ ደም ማቅጠኛ አያስጀምሩም፤ የመጨረሻዎቹ በሐኪም ዘንድ ከታወቀው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ጋር ተቀራራቢ አያያዝ ይሰጣቸዋል። ብርቱ ማሰላሰል የሚጠይቁት መካከለኞቹ ናቸው፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኛዎቹም ለእነርሱ ሲባል የተቀመጡ ናቸው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል። በአሰርት ጥናት ስትሮክ ወይም ወደ ሌላ አካል የሚሄድ የደም መርጋት ከደረሰባቸው 51 ሰዎች ውስጥ ከዚያ በፊት በነበሩት 30 ቀናት ድምፅ አልባ መዛባት የተመዘገበባቸው 4 ብቻ ነበሩ። ይህም መዛባቱ በሁሉም ላይ የደም መርጋቱ ቀጥተኛ ምክንያት እንዳልሆነ፣ በአንዳንዶች ላይ የልብና የደም ሥሮች አጠቃላይ መጎዳት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ስለዚህ መዛባቱን ብቻ እያዩ ሰውየውን መርሳት ትልቅ ጉድለት ነው።

ደረጃ 3፦ በእርግጥ ምንም አልተሰማም? በኢሲጂስ ምን ይታያል?

ብዙ አረጋውያን «ደህና ነኝ» ማለትን ልማድ አድርገዋል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ቀኑንና ሰዓቱን ከመሣሪያው አንብቦ «በዚያ ሌሊት ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ አብሮ የሚኖረውንም ልጅ ይጠይቃል። ደረጃ ሲወጡ የመጣ አዲስ ድካም፣ በቀን እንቅልፍ መብዛት፣ የሌሊት ማንኮራፋት ሁሉ መረጃ ናቸው። ከሁሉ በላይ መውጣት ያለበት ታሪክ ግን ከዓመታት በፊት አፍ ተጣሞ፣ እጅ ዝሎ ወይም ንግግር ተሳስሮ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ የተመለሰበት አጋጣሚ ካለ እርሱ ነው። ቤተሰብ ይህን «ብርድ መትቶት ነበር» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ለሐኪሙ ግን ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ የሚለውጥ ነጥብ ነው።

ባለ 12 መስመር ኢሲጂም ይነሣል። በኢሲጂ ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ከታየ፣ ወይም በአንድ መስመር ኢሲጂ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ከተቀረጸ፣ ጉዳዩ ከድምፅ አልባው ምድብ ወጥቶ የተረጋገጠ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሆናል፤ ታካሚው ቢሰማውም ባይሰማውም በተለመደው የሕክምና መመሪያ ይስተናገዳል።

ደረጃ 4፦ ምክንያቱንና የልቡን ሁኔታ መመርመር

የደም ግፊት ይለካል፤ የኩላሊትና የጉበት ሥራ፣ የደም ሴሎች ቆጠራ፣ የፖታሲየምና የማግኒዚየም መጠን እንዲሁም የታይሮይድ ሆርሞን በደም ምርመራ ይታያሉ። መዛባቱ የተከሰተው በሳንባ ምች፣ በቀዶ ሕክምና ማግሥት ወይም ብዙ አልኮል ከተጠጣ በኋላ ከሆነ ይመዘገባል፤ ምክንያቱ ሲወገድ መዛባቱ ሊጠፋ ይችላልና።

ቀጥሎ የልብ አልትራሳውንድ፣ በተለምዶ ኤኮ የሚባለው፣ ይሠራል። ለኢትዮጵያውያን ይህ ምርመራ ተጨማሪ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም በልጅነት ከተደጋገመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ በሽታ በአገራችን አሁንም ብዙ ሰው የሚያጠቃ ሲሆን፣ ዋነኛ ጉዳቱም የማይትራል ቫልቭ (በግራው የላይኛና የታችኛ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር) መጥበብ ነው። መካከለኛ ወይም ከባድ የማይትራል ቫልቭ መጥበብ ያለበት ሰው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ከተገኘበት ከዚህ በታች የሚገለጸው የነጥብ ስሌት አይሠራለትም፤ ስትሮክ የመድረስ ዕድሉ በጣም ከፍተኛ በመሆኑ ነጥቡ ሳይታይ ደም ማቅጠኛ ይታዘዝለታል፤ መድኃኒቱም ዋርፋሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት የሩማቲክ የልብ በሽታና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ባለባቸው ሰዎች ላይ ዋርፋሪንና መሰሎቹን ከአዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች አንዱ ከሆነው ከሪቫሮክሳባን ጋር አወዳድሮ፣ የተሻለ ውጤት ያሳዩት ዋርፋሪንና መሰሎቹ ሆነው ተገኝተዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች በልጅነታቸው የልብ ቫልቭ ችግር እንዳለባቸው ተነግሯቸው ከነበረ ይህን ለሐኪማቸው ሳይጠየቁ ሊነግሩ ይገባል፤ የሩማቲክ የልብ በሽታ ብዙም በማይታይበት አገር ያለ ሐኪም አስቀድሞ ላያስበው ይችላል።

ደረጃ 5፦ የስትሮክ ሥጋትን በነጥብ ማስላት

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ስሌት ቻድስ-ቫስክ ይባላል። የልብ ድካም 1፣ የደም ግፊት 1፣ የስኳር በሽታ 1፣ የደም ሥር በሽታ 1፣ ዕድሜ ከ65 እስከ 74 ከሆነ 1፣ 75 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 2፣ ቀደም ሲል ስትሮክ ወይም በአጭር ጊዜ ያለፈ የስትሮክ ምልክት ከነበረ 2፣ ሴት መሆን 1 ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ የጾታን ነጥብ ከስሌቱ ሰርዞታል፤ ስለዚህ ሁለት ሐኪሞች ለአንዲት ሴት በአንድ የሚለያይ ነጥብ ቢሰጡ አንዳቸው ተሳስተዋል ማለት አይደለም።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ሰዎችን እንውሰድ። ሁለቱም ፔስሜከር አላቸው፤ የሁለቱም መሣሪያ ለሁለት ሰዓት ተኩል የቆየ ድምፅ አልባ መዛባት መዝግቧል። አንደኛዋ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ያለባቸው የ78 ዓመት እናት ናቸው፤ ለዕድሜ 2፣ ለግፊት 1፣ ለስኳር 1፣ ለጾታ 1 ተደምሮ 5 ነጥብ ያገኛሉ። ሁለተኛው ከደም ግፊት በቀር ሌላ ሕመም የሌለባቸው የ67 ዓመት አባት ሲሆኑ ነጥባቸው 2 ነው። መሣሪያዎቹ ያወጡት ወረቀት አንድ ዓይነት ቢሆንም የሁለቱ ሕክምና ሊለያይ ይገባል፤ እንዴት እንደሚለያይ በደረጃ 7 ይታያል።

ደረጃ 6፦ የመድማት ሥጋትን መመዘንና መቀነስ

ቀድሞ አንጎል ውስጥ ወይም ከሆድ ዕቃ ደም የፈሰሰበት፣ የደም ማነስ ያለበት፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ያልዋለ፣ አዘውትሮ የሚወድቅ ወይም ብዙ አልኮል የሚጠጣ ሰው ደም ማቅጠኛ ሲጀምር የመድማት ዕድሉ ይጨምራል። የዚህ ደረጃ ዓላማ የሚስተካከለውን ማስተካከል ነው፤ ግፊት ይቀነሳል፣ የጨጓራ ቁስል ይታከማል፣ የደም ማነስ ምክንያት ይፈለጋል። በተለይ ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዙት ዲክሎፍናክና ኢቡፕሮፌን ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲገናኙ ከባድ የሆድ ዕቃ መድማት ያስከትላሉ። ታካሚው በቤቱ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ባህላዊውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዞ ቢመጣ ሐኪሙ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ነገር ያያል።

ስለ አስፕሪን ለብቻው መነጋገር ያስፈልጋል። ያለ በቂ ምክንያት በልማድ የሚወሰድ አስፕሪን በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ምክንያት የሚመጣን ስትሮክ ለመከላከል በቂ አይደለም፤ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲደመር ግን መድማትን ያበዛል። በሌላ በኩል የልብ ደም ሥር ማስፊያ ስቴንት ያለው ሰው አስፕሪኑን በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም፤ የትኛው ይቀጥል የሚለውን የሚወስነው የልብ ሐኪሙ ነው።

ደረጃ 7፦ ደም ማቅጠኛ ይጀመር ወይስ በክትትል ይቆይ?

የዚህ ጥያቄ መልስ ለረጅም ጊዜ በግምት ላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 በሁለት ትልልቅ ጥናቶች መልክ ያዘ። ኖአ የተባለው ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 78 ዓመት የሆነ 2,536 ሰዎችን ኢዶክሳባን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱና ለማይወስዱ ከፍሎ ተከታተለ። የመዛባቱ ርዝመት መካከለኛ ዋጋ 2.8 ሰዓት ነበር። ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ስትሮክን፣ የደም መርጋትንና ከልብና ከደም ሥር ችግር የሚመጣን ሞት ባንድነት በግልጽ ሳይቀንስ፣ ከባድ መድማትንና ሞትን ባንድነት በዓመት ከ4.5 ወደ 5.9 በመቶ ከፍ አድርጎ በመገኘቱ ነው። በሁለቱም ወገን ስትሮክ የደረሰባቸው በዓመት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ይህም በኢሲጂ ከተረጋገጠው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ጋር ሲተያይ ዝቅተኛ ነው።

አርቴዚያ የተባለው ጥናት ከ6 ደቂቃ እስከ 24 ሰዓት የቆየ ድምፅ አልባ መዛባት የነበራቸው 4,012 ሰዎችን አሳትፎ አፒክሳባን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ከአስፕሪን ጋር ለ3.5 ዓመት ያህል አወዳደረ። ስትሮክና የደም መርጋት በአስፕሪን ወገን በዓመት 1.24 በመቶ፣ በአፒክሳባን ወገን 0.78 በመቶ ሆኑ። ከባድ መድማት ግን ከ0.94 ወደ 1.71 በመቶ ከፍ አለ። ቁጥሩን በሰው ስንተረጉመው፣ አንድ ሺህ ሰዎች ለአንድ ዓመት አፒክሳባን ቢወስዱ አምስት ያህል ሰዎች ከስትሮክ ወይም ከደም መርጋት ይድናሉ፤ ስምንት ያህል ተጨማሪ ሰዎች ደግሞ ከባድ መድማት ይገጥማቸዋል። ሁለቱን ቁጥሮች እኩል አድርጎ መደመርና መቀነስ ግን ተገቢ አይመስለኝም። አብዛኛው መድማት በሆስፒታል ታክሞ ይድናል፤ ስትሮክ ግን ሰውን ለዘለቄታው አልጋ ላይ ሊያውል ወይም ንግግሩን ሊነጥቀው ይችላል። በዚሁ ጥናት አፒክሳባን ገዳይ የሆነውን ወይም ሰውን ጥገኛ የሚያደርገውን ስትሮክ በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ በመድማት የሞቱት ደግሞ በአፒክሳባን ወገን 5፣ በአስፕሪን ወገን 8 ነበሩ።

ይህ ጥቅም ለሁሉም በእኩል አይከፋፈልም፤ እኔም አጥብቄ የማምነው ነጥብ ይህ ነው። በአርቴዚያ ውስጥ ነጥባቸው ከ4 በላይ የሆነ ሰዎች በአስፕሪን በዓመት 2.25 በመቶ፣ በአፒክሳባን 0.98 በመቶ ስትሮክ ወይም የደም መርጋት ሲደርስባቸው፣ ነጥባቸው ከ4 በታች በሆኑት ላይ ግን ልዩነቱ በ0.97 እና በ0.85 መካከል ብቻ ነበር። ቀደም ሲል ስትሮክ ወይም ያለፈ የስትሮክ ምልክት በነበራቸው ላይ ልዩነቱ ከሁሉ የሰፋ ሆነ፦ 3.14 በመቶ በአንድ በኩል፣ 1.20 በመቶ በሌላ በኩል። በደረጃ 3 ያ የተረሳ «ብርድ» ለምን በብርቱ እንደሚፈለግ ከዚህ ይታያል።

በተግባር እንግዲህ ሐኪሙ እንዲህ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ክስተቱ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቆየና ነጥቡ 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ማቅጠኛ መጀመር ተገቢ ነው ይላል፤ ከ5 ደቂቃ እስከ 24 ሰዓት ከሆነና ነጥቡ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከታካሚው ጋር ተነጋግሮ መጀመር ይቻላል ይላል፤ ከ5 ደቂቃ በታች ለቆየና ሌላ ምክንያት ለሌለው ሰው ግን አይሰጥም። የአውሮፓው መመሪያም ሥጋታቸው ከፍ ያለና የመድማት ዕድላቸው ከፍተኛ ያልሆነ ሰዎች ላይ ሊታሰብ እንደሚችል ያስቀምጣል። በምሳሌያችን 5 ነጥብ ያላቸው እናት የመድማት ታሪክ ከሌለባቸው ጥቅሙ ያመዝናል፤ የ67 ዓመቱ አባት ግን ያለ ደም ማቅጠኛ ግፊታቸው ተስተካክሎ በክትትል ቢቆዩ ይሻላል።

በመካከል ላሉት የታካሚው ፍላጎት ይወስናል። «ከስትሮክና ከመድማት የትኛውን ይበልጥ ይፈራሉ?» ተብሎ ያልተጠየቀ ሰው ውሳኔው ተወሰነበት እንጂ አልወሰነም። በባህላችን ልጆች ወላጆቻቸው እንዳይደነግጡ ብለው በአስተርጓሚነት ሲቀመጡ የሐኪሙን ቃል ያለዝባሉ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ቃሉ ሳይጎድል ቢደርሳቸው የተሻለ ነው።

ደረጃ 8፦ መድኃኒቱን መምረጥና በትክክል መውሰድ

የቫልቭ መጥበብ ወይም ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ለሌለው ሰው እንደ አፒክሳባንና ሪቫሮክሳባን ያሉት አዲሶቹ መድኃኒቶች ይመረጣሉ። የአፒክሳባን መደበኛ መጠን 5 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ወደ 2.5 ሚሊግራም የሚወርደው ከሦስቱ ሁለቱ ሲሟሉ ነው፦ ዕድሜ 80 ወይም ከዚያ በላይ፣ ክብደት 60 ኪሎ ወይም ከዚያ በታች፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪያቲኒን በደም ውስጥ በዴሲሊትር 1.5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ። «ሸምግለዋልና ትንሽ ይበቃቸዋል» በሚል ብቻ መጠኑን መቀነስ ከስትሮክ የሚገኘውን ጥበቃ ያሳጣል። ሪቫሮክሳባን በቀን አንድ ጊዜ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ሲሆን፣ በባዶ ሆድ ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው መጠን ያንሳል።

በኢትዮጵያ ዋርፋሪን አሁንም በስፋት ይታዘዛል፤ እርሱን የሚወስድ ሰው አይኤንአር በሚባለው፣ ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ በሚያሳየው የደም ምርመራ ከ2 እስከ 3 ባለው ልክ መቆየት አለበት። ጎመንና ሌላ አረንጓዴ ቅጠል የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚቀንስ፣ በጾም ወቅት ጎመን በብዛት የሚበላ ሰው የምርመራው ውጤት ሲወርድ ሊያይ ይችላል። ጎመንን ጨርሶ መተው አያስፈልግም፤ ዓመቱን ሙሉ መጠኑን አለመለዋወጥና ጾም ሲገባና ሲወጣ ምርመራውን ማስቀደም ይበቃል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በቀን ሁለቴ የሚወሰደውን የጠዋት ኪኒን ወደ ከሰዓት ካሻገረው ሁለቱ መጠኖች ይቀራረቡና ቀጥሎ ረጅም ክፍተት ይፈጠራል። ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገርና ከንስሐ አባት ጋር መመካከር መድኃኒቱን ዝም ብሎ ከመዝለል የተሻለ ነው። በረመዳን የሚጾሙም የኢፍጣርንና የሱሁርን ሰዓት ይዘው ከሐኪማቸው ጋር ሊያስተካክሉት ይችላሉ። ጥርስ ለመንቀል ወይም ለቀዶ ሕክምና ሲባል መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

ደረጃ 9፦ ከደም ማቅጠኛ ውጭ ያለው ሥራ

ደም ማቅጠኛ ቢጀመርም ባይጀመርም ይህ ደረጃ ለሁሉም ነው። የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ ክብደትን መቀነስ፣ በእንቅልፍ ጊዜ የሚቋረጥ ትንፋሽን መርምሮ ማከም፣ ስኳርን ማስተካከልና መንቀሳቀስ መዛባቱን ይቀንሳሉ። አልኮል አዘውትረው ይጠጡ በነበሩ የኤትሪያል ፊብሪሌሽን ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ መጠጥ ካቆሙት ውስጥ መዛባቱ የተመለሰባቸው 53 በመቶ፣ ካላቆሙት ውስጥ 73 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል፤ ጠላም ጠጅም አረቄም እዚህ ውስጥ የሚቆጠሩ ናቸው። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ መተው ይመከራል። ቡናን በልኩ የሚጠጣ ሰው ግን በዚህ ምክንያት ብቻ እንዲተው አይገደድም።

ምልክት ለሌለው አጭር መዛባት ምት የሚያስተካክሉ ጠንካራ መድኃኒቶችም ሆኑ በካቴተር (በደም ሥር ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) መዛባቱን የሚያስነሣውን ቦታ ማቃጠል አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልጉም። በመዛባቱ ወቅት የታችኛው ክፍል ምት ለረጅም ሰዓት በጣም ከፈጠነ ግን የልብ ጡንቻ ሊደክም ስለሚችል ፍጥነቱን የሚያረጋጋ መድኃኒት ይታዘዛል።

ሌሎች ድምፅ አልባ ግኝቶችም አሉ። በእንቅልፍ ውስጥ የሚታይ ለጥቂት ሰከንድ የሚቆይ የምት ማቆም ሰውየው ራሱን የማይስት ከሆነ ብዙ ጊዜ ፔስሜከር አይጠይቅም፤ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥን ግን ሊያመለክት ይችላል። ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሣ አጭር ፈጣን ምት ሲገኝ ግን የልብ ጡንቻ ጉልበት በኤኮ ሳይታይ መታለፍ የለበትም።

ደረጃ 10፦ ክትትል

ዛሬ ሁለት ሰዓት የቆየ መዛባት ነገ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል። በኖአ ጥናት ውስጥ ክትትሉ በዘለቀበት መካከለኛ 21 ወር 18 በመቶ ያህሉ በኢሲጂ የተረጋገጠ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይዟቸዋል። ስለዚህ ያለ መድኃኒት የቆየ ሰው ጉዳዩ አልተዘጋም፤ መሣሪያው በየጊዜው ይነበባል፣ ዕድሜው 75 ሲደርስ ወይም አዲስ በሽታ ሲመጣ ነጥቡ እንደገና ይሰላል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ኩላሊቱ ደካማ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ቶሎ፣ የኩላሊትና የደም ቆጠራ ምርመራ ያደርጋል።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ታካሚዎች መሣሪያቸው አልጋ አጠገብ በተቀመጠ ማሠራጫ ወይም በስልክ በኩል መረጃውን ለክሊኒኩ ይልካል። ለወራት ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡ ከሆነ ማሠራጫው እዚያ ይሠራ እንደሆነ ከመነሣት በፊት መጠየቅ፣ የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድ፣ የመጨረሻውን ንባብ በወረቀት ታትሞ እና ለቆይታው ሁሉ የሚበቃ መድኃኒት መያዝ ያስፈልጋል።

ጥቁር ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ የማይቆም መድማት፣ ጭንቅላት ተመትቶ መውደቅ ካጋጠመ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ደግሞ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይዞ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል፤ የረጋ ደምን የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛነት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ 4.5 ሰዓታት ውስጥ ነው። አብሮ የሄደው ሰው ታካሚው ደም ማቅጠኛ ይወስድ እንደሆነ፣ የትኛውን እንደሚወስድና መጨረሻ የዋጠው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ለሐኪሞቹ ወዲያው ይንገር።